ጋሽ ጨመሶና የሳህኑ ህዋሶች

እኔን የሚያስቸግረኝ ማብራራት መውደዴ ነው። የጠየቀኝ ሰው አጭር መልስ አግኝቶ አያውቅም። ያልጠየቀኝም እንደዚያው።

አዲስ አበባ ማስተርሴን ጨርሼ አርባ ምንጭ እንደተመለስኩ፣ ላንቴ ቀበሌ ሙዝ የሚያለሙት አጎቴ ጋሽ ጨመሶ «ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስታጠና ቆየህ?» አሉኝ። ጋሽ ጨመሶ የልብ ሕመም አለባቸው። ኪኒን በየቀኑ ይውጣሉ። ይህን እያወቅሁ ነው አፌን የከፈትኩት።

ቤተ ሙከራ ውስጥ የልብ ህዋስ ሳህን ላይ እናኖራለን አልኳቸው። ኦክስጅን ለልብ ሕይወቷ ነው፤ ግን ተቋርጦ ቆይቶ በአንዴ ሲመለስላት ይጎዳታል አልኩ። አልገባቸውም። ታዲያ እኔ በዚህ አቆማለሁ? ተዘግቶ የከረመ ቦይ ውሃ በአንዴ ሲለቀቅበት ጠርዙ እንደሚናደው ነው አልኳቸው። ይቺ ገባቻቸው። ለቦይ ነገርማ ማን እንደ እሳቸው! አንዳንድ ቅጠል ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ግን ህዋሷን ከዚህ ጉዳት ሳይጠብቃት አይቀርም፣ እኛም የሞከርነው በሽፈራው ነው ብዬ ጨረስኩ።

ሽፈራው ማለት የእኛው ሀለኮ ነው። ጋሽ ጨመሶ ጓሮ ስድስት ዛፍ አለ። «ሀለኮ?» አሉ ደግመው። ያደነቁኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ባለቤታቸው አክስቴ አስቴር ደወለች። ኪኒኑን ካቆሙ አስራ አምስት ቀን አልፏቸዋል። ጠዋት ሀለኮ፣ ማታ ሀለኮ። እግራቸው አብጧል፤ ከቤት እስከ ሙዙ ድረስ ሁለቴ ያርፋሉ። ይባስ ብለው መስኮቱን ዘግተዋል፤ ከአባያ የሚመጣው ነፋስ ኦክስጅን ይበዛበታል ብለው። በዚያ ሙቀት! «አንተ ነህ ያልካቸው፤ ና አንተው መልሳቸው» አለችኝ። ሰው በእኔ ወሬ ሊሞት ነው ብዬ በእውነት ፈራሁ።

በሚኒባስ ደረስኩ። ለመንኳቸው። ሳህን ላይ ያለ ህዋስ ሰው አይደለም፤ ሀለኮውን ይብሉ፣ ኪኒኑን ግን አይተዉ አልኩ። ትንፋሽ እያጠራቸው ሰሙኝ።

«ያኔ ቅጠሉ ይጠብቃል ያልከኝ ውሸትህን ነበር?»

አይደለም አልኩ።

«ታዲያ ምን ትጨቀጭቀኛለህ?»

ላብራራ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ። 

ራሳቸው ጠየቁኝ። «እነዚያ ቅጠሉን ያገኙት ህዋሶች፣ አሁን እንዴት ናቸው? ደህና ናቸው?»

«ስንቶቹ እንደተረፉ ቆጠርናቸው።»

«ከዚያስ?»

እንግዲህ አመሌ ነውና አብራራሁ። ቆጥረን ስንጨርስ በረኪና አፍስሰንባቸው ደፋናቸው አልኩ።

«ቅጠሉን ያገኙትንም?»

«ሁሉንም ነው እንጂ ጋሼ። ደንቡ ነው።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው «አስቴር፣ ኪኒኔን አምጪ» አሉ።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። የእግራቸው እብጠት ቀስ በቀስ ጎደለ፤ አሁን ደህና ናቸው። ሀለኮውንም አልተዉም፣ ኪኒኑንም አልተዉም። እኔማ ሳይንስ አሸነፈ ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ። ጋሽ ጨመሶ ግን ስለ ጉዳዩ ለሚጠይቃቸው ጎረቤት ሁሉ እንዲህ ይላሉ አሉ፦ «ቅጠሉስ ምንም አይል፤ የሚፈጀው ተመራማሪው ነው።»