አንቱ የሚባሉ ውሻ

«‹ና› ነው ያልከው? ውሻዬን ‹ና› ነው ያልከው? እስቲ እኔ ፊት ድገመው!»

አልደገምኩትም። ገመዱን ይዤ በራቸው ላይ እንደ ዕዳ ከፋይ ቆሜያለሁ። ውሻው ሶፋ ሥር ገብቶ አፍንጫው ብቻ ይታያል።

«እትዬ፣ ውሻ እኮ ነው» አልኩ።

«ቢሆኑስ? ውሻ ስለሆኑ ይናቃሉ? ‹ጋሼ፣ ይምጡ› ነው የሚባለው። ብትል አፍህን አያምህም!»

በየሰፈሩ የሰው አፍ የሚያርም አንድ ሰው አይጠፋም። እናታችን አፍ ካስፈታችን ከአርባ ዓመት በኋላ እንደገና አፍ የሚያስፈታን ሰው። ባለሱቁ «ምን ልስጥሽ?» ካለ «መቼ ነው አብረን የተማርነው?» ይባላል፤ የታክሲ ረዳት «ግቢ» ካለ ታክሲው ይቆማል፣ ረዳቱ ይታረማል፣ እኛ ሥራ እናረፍዳለን።

የእኛ ሰፈር አራሚ እትዬ ይምጡ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፣ እሳቸው አያውቁትም። ካወቁም ቀን እየጠበቁልን ነው። ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ደዋይ እናት አባታቸውን ጠርቶ ሲሰድባቸው «ይጠብቁኝ፣ አገናኝዎታለሁ» ይሉ ነበር አሉ። እኔን ግን አንተ ነው የሚሉኝ። አንቱታው ለውሻው ሲሆን እኔ ጋ ሲደርስ ያልቃል።

የእኔ ሥራ ውሻ ማንሸራሸር ነው። አትሳቁ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ትቶኝ ከሄደ ወዲህ ብዙ ሥራ ሞክሬያለሁ፣ እንደዚህ ያከበረኝ የለም። በአንድ እጄ አራት ገመድ፣ በሌላው እጄ ፌስታል። ፌስታሉ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ባለቤቶቹ ራቅ ያለ አገር ሲሄዱ ቤታቸው እየሄድኩ ድመት አበላለሁ፣ የወፍ ውሃ እቀይራለሁ። የአሥራ አንድ ሰው ቤት ቁልፍ አለኝ፤ የራሴን ቤት ግን የምትከፍትልኝ ሚስቴ ናት።

ከደንበኞቼ ሁሉ የከበደኝ ጋሼ ነው። ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ፣ ዕድሜው የገፋ ውሻ። አንድ ቀን መናፈሻ ውስጥ ገመዱ አመለጠኝ። እትዬ ይምጡ ከኋላ ቆመው ያዩኛል፤ ምን ላድርግ፣ «ጋሼ! ይምጡ!» ብዬ ጮህኩ። አግዳሚ ወንበር ላይ ከተቀመጡት ሦስት ሽማግሌዎች ሁለቱ ዞሩ። አንደኛው ብድግ ብለው መጡ። «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?» አሉኝ። ውሻው ከእሳቸው በኋላ ነው የደረሰው።

ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ለምን? ባለሱቁን ጠየቅኩት። «ቤቱን ለውሻው ተናዝዘውለታል፤ ባለቤት ደግሞ አንቱ ነው የሚባለው» አለ። ሚስቴን ጠየቅኳት። «አንተን ሲያዩ ውሻው አንቱ መባል ሲያንሰው ነው» አለች።

በዚህ መሀል የእትዬ የጉልበት ቀዶ ሕክምና ቀን ደረሰ። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ሰርዘዋል፣ ሁለቱንም በጋሼ ምክንያት። ሐኪሙ «ዘንድሮም ከቀሩ ጉልበቱን ይርሱት» ብሏቸዋል።

«አሥር ቀን እዚህ እያደርክ ትጠብቃቸዋለህ» አሉኝ። «ካልበሉ ሆስፒታሉን ጥዬ ነው የምመጣው።»

የመጀመሪያው ቀን ሰሃኑን አስቀመጥኩና ግራ ቀኝ አየሁ። ማንም የለም። «ና ብላ» አልኩ። ሶፋ ሥር ገባ። በሁለተኛውም ቀን ጠዋት እንደዚያው። እትዬ ይደውላሉ፦

«በሉ?»

«በሉ እትዬ። ሰሃኑን ላሱት።»

ለካ በአንቱ መዋሸት ይቀላል።

በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ጨነቀኝ። ቀዶ ሕክምናው ለነገ ጠዋት ነው፣ ውሻው ውሃ እንኳ አልቀመሰም። እሺ ብዬ «ክቡርነትዎ፣ ይብሉ እንግዲህ!» አልኩት፣ ሹመኛ ላይ እንደሚያሾፍ ሰው። ጭራሽ ግድግዳው ድረስ ገባ። አሽሙር የሚገባው ውሻ አይቼ አላውቅም።

ስልኩ ጠራ።

«በሉ?»

«እ...» ብዬ የሞላውን ሰሃን አየሁ።

«‹ና› ብለሃቸዋል» አሉ እትዬ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስማኝ። ከጋራዥ ነው ያመጣኋቸው። እዚያ ‹ና› ይሏቸዋል፤ ሲመጡ በእርግጫ። ‹ብላ› ይሏቸዋል፤ ሲጠጉ ሰሃኑን ገልብጠው ይስቃሉ። እኔ ቤት ከመጡ በኋላ ወር ሙሉ ‹ና የኔ ጌታ› እያልኩ ብለምን ከሶፋ ሥር አልወጣ አሉ። አንድ ቀን ስልክ ተሳስቶ ጠራ፣ በልማዴ ‹ይጠብቁኝ› ብል ብቅ አሉ። በዚያ አነጋገር የመታቸው ሰው የለማ! አሁን ገባህ?»

«ገባኝ።»

«እንግዲህ ነገ ጠዋት ወይ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነኝ ወይ ታክሲ ውስጥ። አንተ ታውቃለህ።» ዘጉት።

ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። በሕይወቴ አንቱ ያልኳቸውን ሰዎች ሳስብ አብዛኞቹን የምላቸው ፈርቼ ነው። ሳልፈራ አንቱ ያልኳቸው አንድ አጎቴን ብቻ ነው። ለእሳቸው በማወራበት ድምፅ ሞከርኩ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እባክዎ፣ ይምጡ።»

መጀመሪያ አፍንጫቸው ወጣ። ቀጥሎ ያቺ የተቆረጠች ጆሮ። ሲበሉ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ የሚበላ ሰው አፍ አፉን አያዩትም።

ለእትዬ ደወልኩ። «በሉ» አልኩ።

«ትምላለህ?»

«እምላለሁ። ትናንትም ዛሬ ጠዋትም ግን ዋሽቻለሁ።»

«እሱንማ በድምፅህ አውቄዋለሁ። በል አሁን ልተኛበት።»

ጠዋት ጉልበታቸው ተሠራ።

እኔም አመል ሆኖብኝ አሁን ያገኘሁትን ውሻ ሁሉ አንቱ እላለሁ። ሚስቴ ተቀይማለች። «እኔን ‹ነይ›፣ ውሻን ‹ይምጡ›?» አለች። «አንቺን ማን መታሽ?» ብል ነገሩ ባሰ።

እትዬ በክራንች ተመልሰው ሲቀመጡ ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቦታ ከፈሉት።

«ይኼ የአንተ የስምንት ቀን። ይኼ የሁለቱ ቀን የእሳቸው ነው። ካሳ።»

«ልክ ነዎት» አልኩ።

«ልክ መሆኔንማ አላጣሁትም። ሥጋ ግዛላቸው።»

የገዛ ደሞዜን ይዤ ሥጋ ቤት ሄድኩ።

«ለስለስ ያለውን ቁረጥልኝ» አልኩት ባለሥጋውን። «ለአዛውንት ነው፣ ጥርሳቸው ደክሟል።»

ቢላውን አስቀምጦ አየኝ። «እንዲህ የሚጦር ሰው ጠፍቷል፤ ያቆይልህ» አለኝ።

አሜን ብዬ፣ የጎደለውን ከኪሴ ጨምሬ ከፈልኩ።