የማረው ኮምፒዩተር ከሣጥን ወደ ሰፌድ የተሰደደበት ዜና

ጣና ከዳርቻው ወጥቶ፣ የፎገራን ሜዳ አልብሶ፣ የወይዘሮ ይርጋለምን ደጃፍ በረገጠበት ክረምት ማግሥት፣ ወንጌላዊው ማርቆስ ዓመቱን በያዘበት ዘመን፣ በወርኃ ኅዳር፣ ማረው ወልደ ይርጋለም፣ ሥዩመ በርጩማ፣ መራሔ ኳስ ዘበመስኮት፣ በወረታ ከተማ ነግሦ ሳለ ጽኑ መከራ አገኘው። ኮምፒዩተሩ አርጅቶበት ነበርና፣ በኮምፒዩተሩ የኳስ ጨዋታ ውስጥ ያለው ተጫዋች ኳስ ሊመታ እግሩን ባነሣ ጊዜ እግሩ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀር፣ ማረውም ቁርሱን በልቶ ሲመለስ ያው እግር እዚያው ይጠብቀው ነበር።

ይህንም አይተው እናቱ ወይዘሮ ይርጋለም፣ እመቤተ ጓዳ ወጎተራ፣ ከደጃፍ ቆመው አዋጅ አስነገሩ፦ «ስማ! ያልሰማህ ስማ! መብራት የሚበላ፣ ወተት የማይሰጥ ሣጥን በቤቴ አይቀለብም። እስከ ቅዳሜ ካልተንቀሳቀሰ፣ ሣጥኑ ከነሆድቃው ገበያ ይወጣል!»

ማረውም ከዚያ ሣጥንና ከአንድ ወጠጤ በቀር የእኔ የሚለው ሀብት አልነበረውም። ወእምዝ ወጠጤውን ሸጦ ወደ ባሕር ዳር ዘመተ። የተከተለውም ሠራዊት ይህ ነው፦ በቀኙ ጎበዜ፣ ሊቀ ባጃጅ፣ እስከ መናኸሪያ ብቻ ሸኝቶት የተመለሰ፤ በግራው እኅቱ ሉሊት፣ ዐቃቢተ ካቻቢቴ፣ ከቤት ሆና በጸሎት ያገዘችው። ማረውም ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ጋር ሲሟገት ውሎ፣ ሰው የተገለገለበት ሜሞሪና ፈጣን ዲስክ ማረከ። ለአዲስ ሣጥን ግን ወጠጤው እስከ ቀንዱ ተቆጥሮ አልበቃም።

ዓርብ ምርኮውን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ቆጡ ወጣ። በዚያ አገር ውኃ ሲመጣ የተወደደ ዕቃ ሁሉ ቆጥ ላይ ይወጣልና፣ ሣጥኑም ክረምት ወጥቶ፣ ነፋስ እንዲያገኝ ጎኑን ተከፍቶ፣ ገመዱ ብቻ ከታች ወዳለው ስክሪን ወርዶ እዚያው ከርሞ ነበር። ማረውም እጁን ወደ ውስጥ ቢሰድ፣ ወይ ጉድ! እናቱ ሸለምጥማጥ በላት ብለው ያለቀሱላት ገብስማዪቱ ዶሮ በሣጥኑ ሙቀት እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች። ጣቱን ነከሰችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ማረውም ብብቱን ከፈተና ሜሞሪው ከነዲስኩ ወደ ምድር ተምዘገዘገ። ሉሊት ከሥር ሩዝ ታበጥር ነበርና በሰፌዷ ቀለበችው! አቤት ያቺ እጅ!

የታቀፈች ዶሮ ማስነሣት በዚያ ቤት ነውር ነው። ስለዚህ ማረው ሰፌዱን አይቶ፣ ከቆጡ ላይ ሆኖ አወጀ፦ «ሣጥኑን ለገብስማዪቱ ለቅቄአለሁ! መንግሥቴ ወደ ሰፌድ ይሰደዳል!» ዶሮዪቱ በየብሎኑ እየነከሰችው የኮምፒዩተሩን ሆድቃ ከጎኗ ፈትቶ አወረደ፤ በሰፌዱ ላይ በሲባጎ ሰፋው፤ ሜሞሪውንና ዲስኩንም ተከለ።

ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ ይርጋለም የሣጥን ማሰሪያ ገመድ ይዘው ሲገቡ፣ ከክረምት ጀምሮ በየጊዜው ሲንጠለጠል የኖረው እግር ወረደ፤ ኳሷም መረብ ገባች። ማረው ጮኸ፤ ሉሊት ጮኸች፤ ገብስማዪቱም ከላይ ተንጫጫች። ወይዘሮ ይርጋለም ቀና ብለው ሞታለች ያሏትን ዶሯቸውን ባዩ ጊዜ ገመዱን ጥለው እልል አሉ፤ ወዲያውም ሁለተኛውን አዋጅ አስነገሩ፦ «ዶሮዬ የታቀፈችበትን ሣጥን የሚሸጥ ወዮለት! ሰፌዱ ግን የእኔ ነው፤ በሰፌዴ ላይ ያለውም የእኔ ነው። በል ተነሥ ከበርጩማው፤ እስቲ እኔም ኳሷን አንዴ ልምታት!»

ሞገስ ለማረው፣ ለወጠጤ ሻጩ፣ ብሎን ሲፈታ በዶሮ ለቆሰለው! ሣጥኑን ለዶሮ፣ በርጩማውን ለእናቱ አውርሶ፣ ሰፌድ ጠፍቷልና ሩዙን በእጁ እየለቀመ፣ ወይዘሮ ይርጋለም ጎል ባስቆጠሩ ቁጥር ከወረታ ሰው ሁሉ በላይ የጮኸ እርሱ ነውና።