ኢንጂነሩ ሲያዩት የሚድን ዝርዝር

ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ሁሉ መሐላው አንድ ነው፤ «እኔ ጋ ይሠራል!» እሱ ሲመጣ በሽተኛው ይነሣል፤ እሱ ሲወጣ ይወድቃል።

ባንችይርጋ እንግዳ በምትቀበልበት የላሊበላ ማረፊያ፣ ይህን መሐላ የሚምሉት ክቡር ኢንጂነር ምስጋኑ ናቸው። ዕድሜያቸው ከልጇ አይበልጥም፤ የእንግዳ መመዝገቢያውን ፕሮግራም የሠሩት ግን እሳቸው ናቸው። የገና በዓል ሳምንት ሲቀረው ፕሮግራሙ አመል አወጣ። ዝርዝሩ ፕሪንት ሲደረግ የእንግዳው ስም ይወጣል፤ የክፍሉ ቁጥር ባዶ ነው።

የማረፊያው ባለቤት አቶ ከፋለ ቁርጡን ነግረዋታል። «በዋዜማው አንድ እንግዳ ክፍል አጥቶ በረንዳ ላይ ቢቆም፣ አንቺም አብረሽው ትወጫለሽ።»

ከስድስተኛ ክፍል ላቋረጠች ሴት ሌላ ሥራ የት አለ? ፕሪንተሩ ባጓራ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍን ጀመር።

ክቡርነታቸው በየቀኑ ይመጣሉ። ስክሪኑ ላይ ስሞቹን አንድ በአንድ ይነካሉ፤ ቁጥሩ ብቅ ይላል።

«አዩ እትዬ? ሲስተም አይሳሳትም።»

«እርስዎን ይፈራል። እኔ ደግሞ እሱን እፈራለሁ።»

የዋዜማው ዕለት ጠዋት ከጋሸና የተነሡት አውቶቡሶች ተቃረቡ ተባለ። ባንችይርጋ ስሞቹን ወደሚነኩት ኢንጂነር ዞረች።

«ለመሆኑ ኢንጂነር፣ አንድ ቀን ፕሪንት አድርገውት ያውቃሉ?»

«በዚህ ዘመን ወረቀት?»

«እስቲ ለእኔ ሲሉ።»

ተጫኑት። ባዶ! ክቡርነታቸው ጃኬታቸውን አውልቀው ተቀመጡ፤ ግንባራቸው አላበው።

«እንዲፈጥን ብዬ ሰነፍ አድርጌዋለሁ፣ እትዬ። ስሙን ብቻ ያመጣና በክፍሉ ቦታ ወኪል ያስቀምጣል። ወኪሉ ቁጥሩን ፍለጋ ወደ መዝገቡ የሚሄደው ሲጠየቅ ነው። እኔ ስነካው መዝገቡ ክፍት ነው፤ ፕሪንተሩ ሲጠይቀው ግን ተዘግቷል።»

«ዕቃ ቤቱ ከተቆለፈ በኋላ የተላከ ሰው በሉኛ! ታዲያ በሩ ሳይዘጋ ስሙንም ክፍሉንም ለምን አብሮ አያወጣም?»

ኢንጂነሩ አፍጥጠው አዩዋት። ከዚያ ከፕሮግራሙ አንዲት መስመር ለወጡ። ፕሪንተሩ አጓራ፤ ባንችይርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ ከየስሙ አጠገብ ቁጥር አለ።

ጃኬቱን ልታነሣላቸው ስትል ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። የሁሉም እንግዳ ስምና ክፍል በእርሳስ ተጽፎበታል፤ በየቀኑ እየተፋቀ፣ እየታረመ። ለካስ ያ ሁሉ ስም መንካት ቁጥሩን ወረቀት ላይ ለመገልበጥ ኖሯል!

መልሳ አጥፋ ኪሱ ውስጥ ከተተችውና ጃኬቱን አቀበለቻቸው። ውጭ የአውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ። ኢንጂነሩ ሊሄዱ አልቻሉም፤ የጃኬቱን ኪስ ጨብጠው በር በሩን ያያሉ።

ባንችይርጋ ከአጠገቧ ወንበር ሳበች።

«ምስጋኑዬ፣ ና ተቀመጥ። አብረን እንፍራ።»