የሆልገር አርባ ሁለተኛው መብራት

በጋለ ቆርቆሮ ላይ ያለ የአዲስ ቀለም ሽታ ዛሬም ወይዘሪት ቲራን ባለችበት ያስቆማታል። ሽታው ጎረቤቷን ሆልገርን ያስታውሳታል፤ ሆልገርን ስታስታውስ ደግሞ እጇ ሳታውቀው ወደ መብራት ይሄዳል።

ሰው ቤት ገብቶ እጁን መሰብሰብ የማይችል ሰው የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም። አንዱ የተንጋደደ ሥዕል ያቃናል፣ ሌላው የሰው ድስት ይከፍታል። የኮፐንሃገኑ ክቡር ሆልገር፣ ሊቀ ብርሃናት፣ ደግሞ መብራት ያዞራል። «ይቅርታ፣ ትንሽ ወደ ግራ!» ይላል፤ ፈቃድ እስኪሰጠው መች ይጠብቅና! ጥርሱን ሊነቀል አፉን ከፍቶ ተጋድሞ ሳለ የሐኪሙን መብራት አዙሯል። በእህቱ ልጅ ሠርግ ቄሱ ሙሽራዪቱን «ፈቃድሽ ነው ወይ?» ብለው ሲጠይቁ፣ እርሱ ወንበር ላይ ቆሞ ከመብራት ጋር ይታገል ነበር፤ ፊቷን ጥላ ሸፈነው ብሎ። የሰፈሩ ሰዎች መላው ቢጠፋቸው እርሱን የጋበዙ ዕለት አምፖላቸውን ነቅለው በሻማ ይቀበሉት ጀመር። እርሱም ሻማዎቹን አንድ በአንድ ሲያስጠጋና ሲያርቅ አመሸ።

የዚህ ሁሉ መቅበጥበጥ ምንጭ አንዲት ትንሽ የቆርቆሮ መብራት ናት። አፏ ሰፊ፣ አንገቷ ወደፈለጉት የሚዞር፤ ብርሃኗን አንድ ቦታ ላይ ብቻ የምታፈስ። አርባ አንድ ጊዜ ሠራት፤ አርባ አንድ ጊዜ አፈረሳት። አምፖሉ ሲግል አንገቷ እንደሚያንቀላፋ ሽማግሌ ቀስ እያለ ያዘቀዝቃል። መብራቷን ሊያመርት ተዋውሎ ሦስት ዓመት የጠበቀው ፋብሪካ በመጨረሻ «ሐሙስ ጠዋት ካላስረከቡን ውላችን ፈርሷል» ብሎ ጻፈለት።

ያው ሐሙስ ለቲራም የጭንቅ ቀን ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በነጭ የሸክላ ሳህን ላይ በቀጭን ብሩሽ ሰማያዊ አበባ ስትስል ኖራለች። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን መስመሩ ከዓይኗ ይሸሽ ጀምሯል። ሐሙስ ደግሞ አዲሷ ተቆጣጣሪ ከየሠዓሊዋ አጠገብ ቆማ እጇን ልታይ ነው። መስመሩ ከተንቀጠቀጠ እንጀራዋ ቀረ። የተቆጣጣሪዋን መምጣት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ስለ ዓይኗ ግን ለማንም አልተነፈሰችም።

ረቡዕ፣ አስር ሰዓት ሳይሞላ በጨለመበት በዚያ የብርድ ቀን፣ ሆልገር እንደልማዱ ለቡና መጣ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረው ዛሬም አንቱ ነው የሚባባሉት። ተቀመጠ፤ ተነሣ፤ ደግሞ ተቀመጠ።

«ኧረ በሞቴ አንዴ እንኳ አርፈው ይቀመጡ! ወንበሩ ይነክሳል እንዴ?» አለችው።

«ወንበሩስ ደህና ነው። ይህ የጣሪያ መብራት ነው እንጂ! መላጣዬን አብርቶ ምን ሊያገኝ ነው?»

ይህን እያለ እጁ ቲራ ለልምምድ የጀመረችው ሳህን ላይ አረፈ። አነሣው። ጥፍሩን በሰማያዊው መስመር ላይ አስኬደው፤ ሦስት ቦታ ተንቀጥቅጧል። ቲራ ሳህኑን ልትቀማው እጇን ዘረጋች። እርሱ ግን ሳህኑን አስቀምጦ ወጣ። ደረጃውን እየዘለለ ሲወርድ፣ ወዲያው ደግሞ እያለከለከ ሲወጣ ሰማችው።

አርባ ሁለተኛዋን መብራት ይዞ ነበር። ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጥብቆ አሰራትና አበራት። «በሉ ይሳሉ» አላት።

ቆርቆሮው ሲግል የቀለሙ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ቲራ ብሩሿን አነሣች። መስመሩ ጥርት ብሎ ታያት።

«ይቅርታ፣ ትንሽ ወደ ግራ» አለች።

ሆልገር እጁን ዘረጋ፤ መልሶም ሰበሰበ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። «እርስዎ ያዙሯት። የሚያየው የእርስዎ ዓይን ነው።»

በአንድ ጣቷ አዞረቻት።

«ነገ ሥራ ይዘዋት ይግቡ» አለ።

«ምን ነካዎት? ነገ የፋብሪካው ሰው ይመጣ የለም እንዴ?»

«ይመለሳላ። አንገቷ ያዘቀዝቃል፤ ገና ብዙ ይቀራታል።»

ቲራ መብራቷን አየች። ቆርቆሮው ጣት ያቃጥላል፤ አንገቷ ግን የፀጉር ያህል እንኳ ዝቅ አላለም። «ውሸታም!» ልትለው አፏን ከፈተች። ነገር ግን መስመሩ እጇ ላይ ነበር፤ እርሱን ጥላ ቀና ማለት አልሆነላትም። ሳህኑን ቀስ አድርጋ አዞረች፤ ሰማያዊው መስመር ዞሮ ዞሮ ከመነሻው ጋር ገጠመ።

ቀና ስትል ወንበሩ ባዶ ነበር። ስለ ቡናው አላመሰገነ፣ ደህና ያምሹ አላለ። የጣሪያውን መብራት ግን አጥፍቶት ሄዷል።