አያ አለልኝ የሚዘሏት ቃል

እኛ ክርስቲያኖች እምነታችንን በቃላችን ነው የያዝነው፤ ጣጣውም እዚያው ላይ ነው። በቃል የተያዘን ነገር አፍ ብቻውን ይጨርሰዋል። ጸሎተ ሃይማኖቱን ስንደግም አንድ ቀን ልብ ብላችሁ ስሙንማ! ስለ እኛ ሰው ሆነ፣ ተሰቀለ፣ ሞተ፣ ተነሣ እያልን፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም እንደሚከንፍ ሚኒባስ አንድም ቦታ ሳንቆም «አሜን» ላይ እንደርሳለን። ሰማይና ምድርን የሚያናጋ ነገር ተናግረን ስናበቃ፣ ዘወር ብለን ስለ ማዳበሪያ እናወራለን። እኔም ከነዚሁ ነኝ፤ አትዩኝ።

ከቡሬ ወጣ ብላ ባለችው አጥቢያችን ግን መቆም የሚያውቁ አንድ ሰው አሉ። አያ አለልኝ ይባላሉ፤ በቆሎና በርበሬ የሚያርሱ፣ ጾም የማይሽሩ ገበሬ ናቸው። ቅዳሴ ላይ ሁሌም ከጎናቸው ስለምቆም ነው ያወቅሁባቸው። አቡነ ዘበሰማያት ስንደግም ጎርናና ድምፃቸው ከሁላችን ጋር ይመጣ ይመጣና፣ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የምትለዋ ጋ ሲደርስ ጭጭ! እሷ እስክታልፍ መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ «ወደ ፈተናም አታግባን» ላይ ተመልሰው ይገባሉ።

አንድ እሑድ ስንወጣ አላስቻለኝም። «ምነው አያ፣ እዚያች ላይ የሚጠፉብን?» አልኋቸው።

«እግዜርን ልዋሸው እንዴ? ሙሉነህ ያን ባህር ዛፍ የቆረጠ ዕለት እላታለሁ።»

አያ ሙሉነህ ታላቅ ወንድማቸው ናቸው። የአባታቸውን መሬት ሲካፈሉ እንኳ ክፉ ቃል አልተነጋገሩም። የተጣሉት አያ ሙሉነህ ድንበሩ ላይ ባህር ዛፍ ደርድረው የተከሉ ጊዜ ነው። ባህር ዛፍን መቼም ታውቁታላችሁ። ሥሩን ወደ ታናሽየው ማሳ ሰዶ ውሃውን ይጠጣው ጀመር፤ በዚያ በኩል ያለው የአያ አለልኝ በቆሎም ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሽማግሌ ገባ፤ የንስሐ አባታቸው መምሬ ለመኑ፤ ወይ ፍንክች! ታናሽ «ይቁረጥ» ይላሉ፣ ታላቅ «በገዛ መሬቴ» ይላሉ። ደግሞኮ አያ ሙሉነህ ያቺን የይቅርታ ቃል ከማንኛችንም በላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር የሚሏት።

እኛስ ምን አልን? አያ አለልኝ ላይ ፈረድን። ልበ ደንዳና አልናቸው። እኛ ይቅር ባዮች ስለሆንን መሰላችሁ? ቂም ያልያዘ ማን ነበርና! እኛ ግን ቃሏን ሳታደናቅፈን እንላታለን።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አያ ሙሉነህ ታመው ሳይውሉ ሳያድሩ አረፉ። ለለቅሶው ዳስ ምሰሶ ያስፈልግ ነበርና ጎረምሶቹ መጥረቢያ ይዘው ሄደው የድንበሩን ባህር ዛፍ አጋደሙት። ማንም ነገር አላሰበም፤ ቅርብ ስለነበረ ነው።

ከቀብር መልስ ዳሱ ውስጥ መምሬ «አቡነ ዘበሰማያት ድገሙለት» አሉ። አያ አለልኝ ገና ውሃው ያልደረቀ ምሰሶ ተደግፈው ቆመዋል። ያቺ ቃል ጋ ስንደርስ ዓይኔን ጣልኩባቸው። አልዘለሏትም። ግን እንደኛ መሮጥ አቃታቸው፤ ሁላችን አሜን ብለን ስናበቃ እሳቸው ገና እዚያችው ላይ ነበሩ። «ይቅር እንደምንል... ይቅር እንደምንል...» ይላሉ፣ እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርዳል። አንጀቴን በሉት። ይቅርታው መጣ፣ ተቀባዩ የለም። ክርስቶስ ገና ጠላቶቹ ሳለን ቀድሞ ሞተልን ብለን የምናምን ሰዎች፣ ወንድማችንን ይቅር ለማለት እሱ ቀድሞ እስኪሞት እንጠብቃለን። ምን ዓይነት ሰዎች ነን በሉ!

ባህር ዛፍ ደግሞ ተቆርጦ አይቀርም፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ሰሞኑን በዚያ ሳልፍ የሰው ቁመት ሊያህል ምንም አልቀረው። አጠገቡ ያለው በቆሎም እንደ ልማዱ ቢጫ ነው። አያ አለልኝ ይኮተኩታሉ።

«አያ፣ ይሄን ገና ቀጭን ሳለ አይቆርጡትም?» አልኋቸው።

ቀና ብለው አላዩኝም። ጉቶውን ዞረው ኮትኩተው አለፉ።

«ተወው» አሉኝ፤ «ይጠጣ።»