የመሃሏ ወንበር

ለመሆኑ በገዛ ቤታችሁ ደህናው ወንበር ላይ እንግዳ ሳያስነሣችሁ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ?

ጎረቤቴ ጋሽ ምህረቴ አያውቁም። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ትንንሽ አምፖሎች የሚበሩበት አምፕሊፋየር የገዙት የሟች ባለቤታቸውን የእትዬ ዘውዴን ድምፅ ከአሮጌ ካሴት ሊሰሙ ነው። «የአሁኖቹ ድምፅዋን ያቀዘቅዙታል፤ ይኼ ያሞቀዋል» ይላሉ።

አስተማሪ አይደለሁ? ክር ይዤ ለካሁላቸው። ሁለቱ ስፒከሮችና ወንበሩ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን መሥራት አለባቸው፤ ድምፁ ጥርት ብሎ የሚሰማው እዚያች ወንበር ላይ ብቻ ነው። ሳይንሱ ተሟላ። ይሉኝታን ግን ማን ይለካዋል?

አምፖሎቹ እስኪሞቁ ጠብቀን ካሴቱ ሊጀምር ሲል ጋሽ ምህረቴ ብድግ አሉ።

«ና መምህር፣ እዚህ ተቀመጥ።»

«ኧረ በእግዜር!»

«እኔ መሃል፣ እንግዳ ዳር? በሞቴ!»

ተቀመጥሁ። እትዬ ዘውዴ ጣና ዳር ልብስ እያጠቡ ሲያንጎራጎሩ ሰማሁ። ድንገት አቋረጡና «አንተ ሰውዬ፣ ያን መቅረጫ አስቀምጥና ጋቢውን ጭመቅልኝ!» አሉ። ጋሽ ምህረቴ በሩ አጠገብ አንገታቸውን አስግገው ነበር።

ከእኔ በኋላ ከመሸንቲ የመጡት ወንድማቸው፣ ባለሱቁ ሐጂ፣ የንስሐ አባታቸው ሳይቀሩ ተቀመጡባት።

«ብቻዎን ሲሆኑስ?» አልኋቸው።

ወንበሯን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ። «ያን ጊዜማ የእሷ ናት።»

ለዚህ የሚሆን ክር የለኝም። እናንተ ግን የምትወዷት ሰው በሕይወት ካለች፣ ዛሬ ስታወራ ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። እንግዳ ቢመጣም አትነሡ። እስቲ ሞክሩት።