ለባልም የማይነገር ቃል

ባለፈው ዓመት አንድ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቦምቤ ውስጥ በሚገኝ አንድ የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ለቃለ መጠይቅ የተጠራችው አስቴር የምትባል የሦስት ልጆች እናት ነበረች። በሰዓቱ የተገኘው ግን ማርቆስ የሚባል አናጢ ነው። አስቴር በዚያች ሰዓት ሶዶ፣ ቤቷ ውስጥ ሆና ጥሪውን እየጠበቀች ነበር።

እርግጡ ነገር ይህ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ጥርጣሬ ነው፤ አብዛኛውም የእኔ።

ጥርጣሬ በከንቱ ስሙ የጠፋ ነገር ነው። ጎረቤት ሲጠረጥር ክፉ ይባላል፤ ባል ሲጠረጥር ቀናተኛ ይባላል፤ ጋዜጠኛ ሲጠረጥር ግን ጎበዝ ይባላል። እኔ ሃያ ዓመት ያህል ጎበዝ ስባል ኖሬያለሁ። ዝናብ ዘነበ ሲሉኝ እጄን በመስኮት አወጣለሁ። ባለቤቴ ወጡ ጨው በዝቶበታል ስትለኝ እንኳ ቀምሼ ነው የማምናት። ምን ላድርግ? ስሜት ይዋሻል፤ መረጃ አይዋሽም። ይህችን አባባሌን አንባቢ ይያዝልኝ፤ ቆይቼ አፍርባታለሁ።

እንዲህ ያለውን ሰው ማን አስተማሪ አደረገው? ከሶዶ መናኸሪያ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከአንድ ጸሎት ቤት ግድግዳ ጋር የተጣበቀ የማሠልጠኛ ክፍል አለ። አዋቂዎች እንግሊዝኛ ይማሩበታል። በኋላ እንግሊዝኛውን የሚጽፉበትን ኮምፒውተርም ይማሩ ተባለና አስተማሪ ተፈለገ። እኔ የምጽፈው በሁለት ጣት ቢሆንም ፈጣን ነኝ፤ ተመረጥኩ። ተማሪዎቹ አሥራ ሁለት፣ ኮምፒውተሮቹ ስድስት ነበሩ፤ ከስድስቱ አንዱ የሚነሳው ደስ ሲለው ነው። ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና ከተኛ ደግሞ መብራቱ ከእኛ ቀድሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እስቲ አስቡት፤ ቤቱ በወላይትኛ፣ ቢሮና ገበያው በአማርኛ የሆነ ሰው፣ አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ በሦስተኛ ቋንቋ የተጻፈ ስክሪን ፊት ይቀመጣል። እኔ ብሆን ጃኬቴን አንስቼ እወጣ ነበር። እነሱ አልወጡም።

ማርቆስ የመጀመሪያ ቀን ማውሱን እንደ መላጊያ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊት ገፋው፣ ገፋው፣ ገፋውና ጠርዙ ላይ ሲደርስ፣ ጋሼ፣ ጠረጴዛው አለቀብኝ፤ ረዘም ያለ እሠራላችኋለሁ አለ። ከድር፣ ወላጆቹ ከስልጤ መጥተው እዚህ የወለዱት የጅምላ ነጋዴ ነው፤ የመጣበትን ምክንያት ሲጠየቅ፣ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ሁሉ ሌላ ሰው እያነበበልኝ እስከ መቼ እኖራለሁ ብሏል። አስቴር ደግሞ አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰች በኋላ ትዳር፣ ከትዳር በኋላ ልጆች፣ ከልጆች በኋላ የባሏ እናት ሕመም መጣባት። አሁን ሁሉም አለፈና አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ጠዋት ከቤት ወጥታ የምትገባበት የራሷ ሥራ። ቦምቤ መረጃ መዝጋቢ ይፈለጋል የሚለውን ማስታወቂያ ስታይ ያመለከተችውም ለዚህ ነው። ቦምቤ አክስቷ አለች፤ የት እንደምታድር ሳይቀር አስባበታለች።

አሁን ወደ ጥፋቱ ቀን እንሂድ። የዚያን ቅዳሜ ትምህርት ስለ ፓስወርድ ነበር። ከግድግዳው ማዶ መዘምራን ይለማመዳሉ፤ እኔ ከነሱ በላይ እየጮህኩ አስተምራለሁ። ይህ ቃል የእናንተ ብቻ ነው፤ ለጓደኛ አይነገርም፣ ለባል አይነገርም፣ ለሚስት አይነገርም፣ ለመጋቢም ቢሆን አይነገርም አልኩ። ክፍሉ ተንጫጫ። አስቴር እጇን አውጥታ፣ ለባል ያሉት ተሳስተው ነው አይደል አለችኝ። አልተሳሳትኩም አልኳት። ማርቆስ፣ ጌታ ግን ያውቀዋል አይደል ብሎ ጠየቀ። ጌታ ኢሜይልህን ለመክፈት ፓስወርድ አይጠይቅህም አልኩት። ከድር ሳቀና፣ የሱቄ ቁልፍ ሁለት ነው፣ አንዱ ሚስቴ ጋ ነው፤ ከሷ የምደብቀው ከመጣ ሱቁም ይቅር አለ። በመጨረሻ ግን ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሰሌዳው ላይ ያለውን ሁሉ ደብተሩ ላይ ገለበጠ። ያን ቀን ጥሩ አስተማሪ ነኝ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት የአስቴር ባል አቶ ባሳ ቤቴ ድረስ መጡ። አቶ ባሳ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ናቸው፤ ጠመኔ ከደረት ኪሳቸው አይጠፋም። ሳሮ ብለው በወላይትኛ ሰላምታ ሰጥተው እጄን ጨበጡ፤ ጨብጠውም አልለቀቁኝም። አንተ ጋዜጠኛ፣ እኔና አስቴር ሃያ ዓመት ከአንድ ሳህን በልተናል፤ ትናንት ይህን ፓስወርድ የምትሉትን ምንድን ነው ብላት ጋሼ ከልክሎኛል አለችኝ፤ ለመሆኑ አንተ የቤቴ ማን ነህ? አሉኝ። ስለ ደኅንነት አስረዳኋቸው። እሳቸውም፣ ደኅንነቴን የነሳኸኝ አንተ ነህ ብለው ሄዱ። እኔ ማስታወሻዬን አውጥቼ ጻፍኩ፦ «ባል ፓስወርዱን አጥብቆ ይፈልጋል።»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አስቴር ቃለ መጠይቁ አመለጣት። ዓርብ ዕለት ስልክ ስትደውል፣ ትናንት ነበር እኮ እህቴ፣ ማክሰኞ ቀትር ላይ በኢሜይል ጠርተናችኋል አሏት። ቅዳሜ ዓይኗ አብጦ መጣች። አብረን ከፈትነው። ደብዳቤው ቁጭ ብሏል! ግን ተነቧል። ያልተነበበ ደብዳቤ በደማቁ ይጻፋል፣ የተነበበው ይፈዛል ብዬ አስተምሬያቸው ነበር፤ አስቴርም ሐሙስ ከሰዓት ክፍል ስትገባ ደማቁን ብቻ ፈልጋ፣ ደማቅ የለም ብላ ዘግታዋለች። ማክሰኞ ደግሞ ዲምቱ ለቅሶ ሄዳ ክፍል አልነበረችም። ስለዚህ ከእሷ በፊት ሌላ ሰው ከፍቶታል።

እዚህ ላይ ሃያ ዓመት የሠለጠነው አእምሮዬ ተነሳ። ማክሰኞ ከሰዓት አስቴር እንደማትመጣ ሊነግረኝ የመጣው ማን ነበር? አቶ ባሳ። ዝናብ ያዘኝ ብለው እስኪያባራ የተቀመጡት የት ነበር? የኋለኛው ኮምፒውተር ፊት። ፓስወርዱንስ አጥብቆ የሚፈልገው ማን ነበር? እኔ ማንንም አልከሰስኩም፤ ለአስቴር ሦስቱን ጥያቄዎች ብቻ አቀረብኩላት። የሙያችን ጨዋነት እንዲህ ነው፤ ድንጋዩን እናቀብላለን እንጂ አንወረውርም።

አስቴር ጥያቄዎቹን ሰምታ ደብተሯን አንስታ ወጣች። በማግስቱ ሁለት ሻንጣ ይዛ ዲምቱ እናቷ ቤት ገባች። ለአቶ ባሳ የላከችላቸው መልእክት፣ ሥራ እንዳልይዝ ከፈለግህ በአፍህ አትነግረኝም ነበር? የሚል ነው። አቶ ባሳ እኔ አልከፈትኩም፣ መክፈቻውንም አላውቀውም ብለው ማሉ። ሽማግሌ ላኩ፤ ተመለሰ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲወጡ በክፍላችን መስኮት አጠገብ ያልፋሉ፤ ቆም ብለው ያዩኛል፣ ይሄዳሉ። የተጨነቀ ሰው ይመስሉ ነበር። እኔ ግን ስሜት አላምንምና የጥፋተኛ አስተያየት ነው ብዬ መዘገብኩት።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ከዚያ ማርቆስ መጣ። ቤሌ ከተማ በርና መስኮት ሊሠራ ሄዶ ሰንብቶ ነበር። ገና ከበሩ፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እሁድ በጉባኤ የመሰከርኩትን ለእናንተም ልንገር አለ። ያላመለከትኩበት ሥራ ጠራኝ! ማመልከቻ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ፤ ኢሜይሌን ብከፍት ቦምቤ ድረስልን የሚል ደብዳቤ! ሃሌሉያ! አለ። ደብዳቤው «ውድ አመልካች» ብሎ ስለሚጀምር የማንም ስም የለበትም። በተውሶ ኮት፣ ሌሊት ተነስቶ ቦምቤ ደረሰ። ስሙን መዝገብ ላይ አጡት። እሱም ምናልባት ገና አልጻፋችሁት ይሆናል አላቸው። ምን ትችላለህ ቢሉት፣ በራችሁ አይገጥምም፤ ስገባ አይቼዋለሁ አለ። በሩን አስተካክሎላቸው፣ ተመርቆ ተመለሰ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ኢሜይልህን ክፈትልኝ አልኩት። ያገኘው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስክሪኑ የመጨረሻውን ተጠቃሚ ስም ይዞ ይጠብቃል፤ ያን ቀን ያ ስም፣ ከሄደች ወዲህ የቀየረው ሰው ስላልነበረ፣ የአስቴር ነበር። ማርቆስ ስሙን አላየውም፤ ከስሙ በታች ወርዶ ፓስወርዱን በሌባ ጣቱ እየወጋ ጻፈ። ተከፈተ። የአስቴር ኢሜይል! የአስቴርን ፓስወርድ ከየት አመጣህ ብዬ ጮህኩ። ማርቆስ በጣም ተቀየመ። የምን የአስቴር፣ የራሴ ነው፤ ለሚስቴም አልነገርኩም አለ። ከዚያ በጆሮዬ፣ ማንም እንዳይሰማ ተጠንቅቆ፣ ሹክ አለኝ፦ ሃሌሉያ ሰባት።

አንድ በአንድ ወደ ጓሮ ጠራኋቸው። እያንዳንዱ ግራ ቀኙን አይቶ፣ አደራ አስምሎኝ፣ በጆሮዬ ሹክ አለ። ሃሌሉያ ሰባት። ሃሌሉያ ሰባት። ሁሉም! ወራት ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዎች ባገኙት ወንበር ተቀምጠው፣ አንዱ የሌላውን ኢሜይል እየከፈተ፣ የራሱ መስሎት ሲያነብ ከርሟል። ለመልመጃ እርስ በርስ የሚላላኩት ደብዳቤ አንድ ዓይነት ስለሆነ ማንም አልነቃም። ደኅና ነህ ወይ፣ እኔ ደኅና ነኝ፤ ይህ የማንም ሊሆን ይችላል።

የሚገባኝን አደረግኩ። ቦምቤ ደወልኩ፤ ኃላፊው ማርቆስ ስለው፣ የበሩ ሰውዬ! ብሎ በሳቅ ወደቀ። አስቴርን ሰኞ እናያታለን አለ። ከዚያ ከአቶ ባሳ ጋር ሚኒባስ ይዘን ዲምቱ ሄድን። አስቴር ታሪኩን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ከዚያ ሻንጣዎቹን ለባሏ አሸከመቻቸው። ሥራውንም አገኘች።

እኔም ጥሩ ወሬ አገኘሁ። ለዚህ ከተማ ሕዝብ ምሥጢር ያዝ ካልከው የሚይዘው ያንኑ በየባጃጁ ጀርባ የተለጠፈውን ነው፤ ሰባት ደግሞ የተቀደሰ ቁጥር ነው፤ የሃይማኖተኛ ሰው ጭንቅላት እንዲህ ነው የሚሠራው እያልኩ ባገኘሁት ቦታ ሁሉ አወራሁ። ታዲያ ሙስሊሙ ከድር ሃሌሉያ ሰባትን ምን አገናኘው? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጠይቄው ነበር። መልሱ የሚታመን ስላልነበረ መዝግቤ ተውኩት። ባጃጅ ላይ አንብቦ ይሆናል አልኩ።

ምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ቀን አቶ ባሳ የአስቴርን ደብተር ይዘው መጡ። ወሬህን ሰማሁት፤ ጥሩ ነው፣ አንድ ገጽ ግን ይጎድለዋል አሉኝ። እኔም መምህር ነኝ፤ ሰላሳ ዓመት የተማርኩት አንድ ነገር ተማሪ ሕጉን እንደማይወስድ ነው፤ የሚወስደው ምሳሌውን ነው ብለው ገጹን ከፈቱ። የዚያን ቅዳሜ ትምህርት ነበር። በአስቴር ንጹሕ እጅ ጽሑፍ ሕጎቹ ተዘርዝረዋል። ለማንም አይነገር ይላል። ከሥሩ «ምሳሌ» ይልና፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሃሌሉያ 7።

መዘምራኑ ትዝ አሉኝ። በግድግዳው በኩል የሚመጣውን እየሰማሁ፣ እጄ በሰሌዳው ላይ...

ቤቴ ገብቼ ማስታወሻዬን ገለጥኩ። የከድር መልስ ከነቀኑ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ ቁጭ ብሏል፦ «ጋሼ፣ እርስዎ ሰሌዳ ላይ የጻፉልንን ነው ያስገባሁት።» ከጎኑ በቀይ አስምሬ እንዲህ ጽፌያለሁ፦ «ይህ ሰው የሚደብቀው ነገር አለ። አይታመንም።»